ሰማዩን የያዝኩበት ገመድ

ስህተቱን ልብ ያልኩት ልጄ ኮምፒውተሩን ሊዘጋ ሲል ነው፤ ያውም ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይቼ። የመጫወቻውን ዘንግ ወደ ራሱ ሲስበው ስክሪኑ ላይ ያለው አውሮፕላን ወደ ላይ ወጣ።

«ገለበጥከው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዘንጉን ነዋ። ወደ ፊት ሲገፋ ነው የሚወጣው። ሲሳብ ይወርዳል።»

ዘይኑልአቢዲን ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ላለ አንድ ዓለም የሚበሩ ነገሮች ይሠራል። ቅርጹን ሌሎች ልጆች ይሥሉታል፤ የሱ ድርሻ ትእዛዙን መጻፍ ነው። ይህ ሲነካ ክንፉ ይዘንበል፣ ፍጥነቱ ከዚህ ካነሰ አፍንጫው ይውረድ፣ እያለ መስመር በመስመር ይጽፍለታል፤ አውሮፕላኑም የተጻፈለትን ያደርጋል። ሰው ሲያየው ጎበዝ ይላል። እኔ የማስበው ዓይኑንና ወገቡን ነው። ከዚያ ማዶ ያለ መልኩን የማላውቀው ሰው አንድ ቀን «ችሎታህን አይተናል፤ ና» ብሎ የሚጠራብኝን ቀን ነው የማስበው።

ሳቀብኝ። «እማ፣ ዓለም ላይ ያለ አውሮፕላን ሁሉ ሲሳብ ነው አፍንጫው የሚነሣው። አንቺን ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

ጓዳ ገብቼ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዝኩ። አፌን ውኃ ሞላው። ትንባሆ ትንባሆ የሚል የከረሜላ ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ።

በ1980 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። አባቴ ዓብዱ የዓልዩ አምባ ሰው ነው፤ ከቆላ በርበሬና ጥጥ በበቅሎ አውጥቶ ደጋ ይሸጣል፣ ከደጋ ባቄላ ጭኖ ይወርዳል። ከበራችን ቆመን ቁልቁል ስናይ አሞራ የሚበረው ከእግራችን በታች ነበር። የአሞራ ጀርባ እያየሁ ስላደግሁ መብረር ለእኔ ያን ያህል የሩቅ ነገር አልነበረም።

አስር አለቃ ገብረአብ መጋቢት ላይ መጣ። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ በወጣትነቱ ደብረ ዘይት ወርዶ አየር ኃይል ገባ ይባል ነበር። ሚስቱንና ልጁን ኃይለ ገብርኤልን ይዞ ሲመለስ ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የክንፍ ምልክት ተሰፍቷል። ለአየር ኃይል አብራሪ የሚሆኑ ጎረምሶችን ሊመርጥ ነው ተባለ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገብረ ጻድቅም የእህል መጋዘኑን ከፍቶ ሰጠው። እህል ከጠፋበት ቆይቷል። የቀረው የአይጥ ኩስና የላምባ ሽታ ነው።

እዚያ ውስጥ አውሮፕላን ሠራ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተነቀለ ወንበር መሬት ላይ ተከለ። ከወንበሩ ፊት የሞፈር ቁራጭ እንዲወዛወዝ አድርጎ አቆመ፤ ዘንግ የሚለው እሱን ነው። ከዘንጉ ፊት መስታወት የሌለው የመስኮት ፍሬም አለ። ከፍሬሙ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ኮምፔንሳቶ በገመድ ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የላይኛው ግማሽ ሰማያዊ ነው፣ የታችኛው ግማሽ ለመፈክር የመጣ ቀይ ቀለም አመድ ተደባልቆበት የተቀባ የመሬት መልክ ነው። የተቀመጠው ሰው በፍሬሙ ሲያይ ሰማይ ከበዛበት ወጥቷል፤ መሬት ከበዛበት ወርዷል። ሰማይና መሬቱን የሚያንቀሳቅስ ግን ከጆንያ መጋረጃ ኋላ የሚደበቅ ትንሽ ሰው ያስፈልጋል።

በጣውላው ክፍተት ስናጮልቅ ከልጆቹ መሐል እኔን ጠራኝ።

«የዓብዱ ልጅ ነሽ? ስምሽ ማነው?»

«አሲያ።»

«አሲያ፣ ምስጢር ትጠብቂያለሽ?»

«ወላሂ!»

ከጃኬቱ ኪስ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀት የለውም፤ የትንባሆ ብናኝና የኪስ ጥጥ ተጣብቆበታል። በሸሚዜ ጠርጌ ጎረስኩት። እስከዚያን ጊዜ ከዚያ የሚጥም ነገር አልቀመስኩም ነበር።

ትእዛዞቹን አስጠናኝ። ቁርኣን ቤት እንደለመድኩት እየተወዛወዝኩ ሸመደድኳቸው። ዘንጉ ወደ ፊት ሲገፋ ሰሌዳውን ዝቅ አድርጊ፣ ሰማይ ይብዛ። ወደ ኋላ ሲሳብ ከፍ አድርጊ፣ መሬት ይብዛ። ወደ ቀኝ ሲያጋድል የቀኙን ገመድ ልቀቂ። ዘንጉን ካንቀጠቀጠው ሰሌዳውን አንቀጥቅጪ። በመጨረሻ ደግሞ ለእኔና ለሱ ብቻ የሆነች ትእዛዝ ነበረች፦ እኔ ከሳልኩ፣ ልጁ ምንም ቢያደርግ አትጣይው።

«ለምን?» አልኩት።

«ጎበዙን በሳል ነው የምለየው» አለኝ። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

መሣሪያውን ለሽማግሌዎቹ ያሳየ ዕለት መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። አባቴ ሰው የሚያምን ነጋዴ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሚዛን እንኳ በራሱ ድንጋይ ካልፈተነ አይገዛም። ያን ዕለትም ወንበሩን ዞሮ አየ፣ ዘንጉን ጨብጦ ገፋ፣ ሳበ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሰማዩን አወረድኩለት፣ አወጣሁለት።

«ለምንድነው ሲገፋ የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ።

«አሠራሩ ነው፣ አቶ ዓብዱ።»

አባቴ ትንሽ አሰበና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እውነቱን ነው! ዓልዩ አምባ በበቅሎ ስትወርዱ ወዴት ነው የምትሉት? ወደ ኋላ። ስትወጡስ? ወደ ፊት፣ ጋማዋን እስክትነኩ። ሰማዩም አቀበት ነዋ!»

«አቀበት ነው እንጂ!» አሉ ቄስ ወልደተንሣኤ፤ የሁሉም ራስ ተነቀነቀ። ያን ገደል በእግሩ ያልወጣና ያልወረደ ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም በባቱ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ቢሆን ምናልባት ይጠይቅ ነበር።

አሁን ልጄ ዘይኑ ክፍሉ ውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል። አስር አለቃው ያን ዘንግ ከአውሮፕላን አላመጣውም። እሱም እንደኛ የበቅሎ መንገድ ልጅ ነው፤ የሚያውቀውን አቀበት ነው የሸጠልን።

ወንድሜ ዓወል ያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከጥር ጀምሮ ቆላ፣ አጎታችን ዘንድ ዓልዩ አምባ ነው። እኔ በርበሬ ሊለቅም የሄደ ይመስለኝ ነበር። በርበሬ በጥር እንደማይለቀም አላውቅም። አፈሳ የሚለውን ቃል እሰማለሁ፤ እህል መሬት ላይ ሲፈስ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ገመዴን ስጠግን ሊቀመንበሩ ከአስር አለቃው ጋር ገባ። መኖሬን አላዩም።

«የዘማች ኮታው አልሞላም፣ ገብረአብ። ከላይ እየጮኹብኝ ነው።»

«የቀሩት ቆላ የገቡት ናቸው። እነሱን እያሳደድክ ገደል አትውረድ። ቆቅ ጥሬ ካየች ራሷ ትመጣለች።»

«የኔን ቃል አልረሳሁም። ያንተን ቆቅ ማንም አይነካትም።»

ሲወጡ ሮጬ ተከተልኩትና፣ «ጋሽ ገብረአብ፣ ቆቅ ስታጠምዱ ላባውን ስጡኝ» አልኩት። እንቁላል እየላጠ ነበር። የጎረምሶቹ እናቶች ያመጡለታል። ነጩን በአንድ ጉርሻ ዋጠ፤ ጣቱን ላሰና ጉንጬን ቆነጠጠኝ። «እሰጥሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።» አስኳሉ ጉንጬ ላይ ደረቀ። ላባውን ለብዙ ቀን ጠብቄዋለሁ።

እቤት ውስጥ አባቴና እናቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

«ተደብቆ እስከ መቼ፣ ዙቤዳ? ዛሬ ያመለጠ ነገ በጥይት እየተነዳ እግረኛ ጦር ይገባል። አየር ኃይል ግን ትምህርት ነው። ሙያ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እንኳ ሰው ሆኖ ይመለሳል።»

«ልጄ ጋ ሰማይ ላይ ማን ያደርሰኛል? ሲርበው ማን ያበላዋል?»

«ስንቱ እግረኛ ምሽግ ውስጥ ሲያልቅ እየሰማሽ፣ አንቺ ስለ ሰማይ ምሳ ታወሪያለሽ!»

እናቴ ክርክር አትችልም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ተወችው። ጁምዓ ዕለት አባቴ በቅሎዋን ይዞ ወረደ። በማግስቱ ዓወልን ይዞ ወጣ።

ወንድሜ ቆላ ፀሐይ አክስሎት፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ መጣ። እናቴ አንገቱን ይዛ ስታለቅስ፣ «በላይሽ ሳልፍ በርበሬውን ትተሽ ቀና በይ እንጂ፣ እማ» አላት፤ «ክንፌን አወዛውዝልሻለሁ።»

«ዝም በል፣ አንተ ቀላማጅ» አለችው እየሳቀች። እናቴ የሳቀችው ሳቅ ሲታወሰኝ ያ ነው የሚመጣብኝ።

የፈተናው ዕለት ጎረምሳው ሁሉ መጋዘኑ ደጃፍ ተሰልፏል። ወራት ሙሉ ያላየናቸው ፊቶች ከየገደሉ ወጥተዋል። አንድ በአንድ እየገቡ ይቀመጣሉ። ላባቸው ይሸተኛል። አስር አለቃው «ተነሥ! ግፋ! ዙር! አሳርፍ!» ይላል፤ እኔ በጆንያው ቀዳዳ እጃቸውን እያየሁ ሰማዩን አዞራለሁ። አንዱ ዓይኑ የማያይ ነበር፣ አንዱ ሳምባው የታመመ። ለነሱ አልሳለም፤ ስለዚህ ወደቁ። ለቀሩት ሁሉ ሳለ። የቄስ ወልደተንሣኤ ልጅ ገብረመንፈስቅዱስ ዘንጉን ይዞ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ፊቱ ድረስ አስመጥቶት ነበር፤ ሳል ሰማሁና ሰማዩን መለስኩለት። ሲወጣ ውጪ የቆሙት እልል አሉ።

ቀጥሎ የገባው ኃይለ ገብርኤል ነው፣ የአስር አለቃው የገዛ ልጅ። ከመግባቱ በፊት አባትየው ወደ መጋረጃው ቀረብ ብሎ፣ «እሱን ጣይው» አለኝ በሹክሹክታ።

ኃይለ ገብርኤል ከሁሉም ይልቅ በደንብ ነው የያዘው። ገፋ፣ ወጣ። አጋደለ፣ ዞረ። እኔ ግን እንደታዘዝኩት ሁለቱንም ገመድ ሳብኩ፣ መሬቱ ፍሬሙን ሞላው። «ወድቀሃል!» ብሎ ጮኸ አባቱ። «ውጣ! ለማንም አላዳላም!»

ልጁ እያለቀሰ ወጣ። ሊቀመንበሩ ለሕዝቡ፣ «አያችሁ? ለልጁ እንኳ የማያዳላ ሰው!» አለ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ በዚያ ሰው ኮራሁ። ፍትሕ የምትባለውን ነገር ያየኋት መሰለኝ።

ዓወል ሲገባ ሳሉን ሳልጠብቅ ሰማዩን አወረድኩለት። በቀዳዳው ፊቱን አየሁት፤ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ልጅ ወደ ፊት አጎንብሶ ይገፋል። አቀበት እንደሚወጣ ሰው።

እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ትልልቅ ሰዎች የራሳቸውን እጅ ላለማቆሸሽ ያን እጅ ከረሜላ አልሰው መያዛቸው ነው።

ባለፈው ዓመት እዚህ ደብረ ብርሃን ሰርግ ቤት ኃይለ ገብርኤል አጠገቤ ተቀመጠ። ወፍሯል፤ የልጅ ልጅ አይቷል። «አሲያ፣ ታስታውሻለሽ? እኔ እኮ አብራሪ ልሆን ነበር፤ ወደቅሁ እንጂ!» ብሎ በሳቅ ጠረጴዛውን መታ። «ነፍሱን ይማረውና አባቴ እንዲህ ነበር። ለሥጋው አያዳላም።» አያውቅም። እስካሁን አያውቅም። በትልቅ እጁ ሥጋ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ ዘረጋ፤ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ሲያስታውስ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ። ያዳነኝ ሥጋ መሆኑ ነው። ሌላ ጉርሻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ፊቱ ላይ ነበር የምመልሰው።

ያኔ የተመረጡት ጎረምሶች ሊሄዱ ሲሉ ቤታችን ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ «በሰላም አብርሮ በሰላም ያሳርፈው» ሲሉ «አሚን» እንላለን። ቄስ ወልደተንሣኤም ደጃፍ ድረስ መጥተው፣ «የኔም አብሮት ነው፤ የኔንም ጨምሩልኝ» አሉ። ተጨመረ።

አባቴ ዓወልን እስከ ደብረ ብርሃን ሲሸኘው እኔንም ይዞኝ ሄደ። ልጆቹን ያሰባሰቡበት ግቢ በሽቦ የታጠረ ነው። ሁሉም ተላጭተዋል። ፀጉራቸው መሬት ላይ ተከምሮ ዝናብ መትቶታል፤ እርጥብ ውሻ ይሸታል። ዓወል ተላጭቶ ሳየው ጆሮው ትልቅ ሆኖብኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮውን ይዞ እንደ ክንፍ አወዛወዘልኝ። አስር አለቃ ገብረአብ በሩ ላይ ቆሞ እንቁላል ይልጣል።

መኪናዎቹ ወጡ። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ወደ ጫጫ፣ ወደ አዲስ አበባና ደብረ ዘይት አቅጣጫ አልዞሩም። ወደ ጣርማ በር ዞሩ፣ ወደ ሰሜን።

አባቴ ቆሞ ቀረ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ መሰለኝ። ጣርማ በር ዋሻ እንዳለ ሰምቻለሁ።

«አባ፣ በዋሻው ውስጥ ሮጠው ሊነሡ ነው፣ አይደል? በዚህ ገብተው በዚያ ወደ ሰማይ!»

«አዎ፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ እጄን ለቀቀ፤ ወደ መንገዱ ዳር ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሲያስታውክ ሰማሁት። ቁርስ የበላነው ፓስቲ ነው ብዬ አዘንኩለት። በዘይቱ አመካኘሁ።

የአስር አለቃውን ነገር አባቴ ኋላ አጣራ፤ ከረፈደ። አየር ኃይል መኖሩስ ኖሯል። የመኮንኖች ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ይልጥ ነበር። አውሮፕላን የሚያየው እንደኛ ከሩቅ ነው፤ እኛስ የአሞራ ጀርባ እንኳ እናይ ነበር።

ከደብረ ብርሃን በተመለስንበት ማታ እናቴ ምን እንደተነገራት አላውቅም። አባቴ ገብቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ እሷም ፊቱን አየች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን በራችን ሳይቀረቀር ማደር ጀመረ። እንደ ልማዳችን ማታ ማታ መወርወሪያውን ልወረውር ስሄድ እናቴ ከኋላዬ፣ «ተዪው፣ ተበላሽቷል» ትለኛለች።

«አባዬ ይጠግነው እንጂ።»

«ይጠግነዋል። ተኚ።»

አልጠገነውም። ጅብ በደጃፋችን ሲያልፍ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንቀጠቀጣለሁ። ነፋሱ በሩን ገርበብ ሲያደርገው እናቴ ቀና ትላለች፤ ጅቡን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሰማይ ላይ ድምፅ በሰማች ቁጥር ደግሞ በርበሬውን ትታ ትወጣለች። ክንፉን የሚያወዛውዝ ግን አልነበረም።

ግንቦት 1983 መንግሥቱ ወደቀ ተባለ። በመንገዱ ዳር ወታደር እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉን በካኪ ቅዳጅ ያሰረ፣ ቁራሽ የሚለምን። እናቴ ለሁሉም ውኃ ትሰጣለች፤ የሁሉንም ፊት ታያለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል፣ አንድ ሰው በዱላ እየተደገፈ ደጃችን ቆመ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አላወቅሁትም። ያወቀችው እናቴ ናት።

«ገብረመንፈስቅዱስ!»

ገብቶ ተቀመጠ። እግሩ ይሸታል፤ ቁስሉ ላይ ዝንብ አለ። ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣ። ሌላ ሰጠችው፤ ያዘው እንጂ አልጠጣም። አባቴ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነው።

«እትዬ ዙቤዳ፣ ከእናቴ በፊት እርስዎ ዘንድ እንድመጣ ቃል አስገብቶኝ ነው።»

«መቼ?» አለች እናቴ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት። በጥቅምት።»

እናቴ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ከፍታ ያደረችለት ሰው አልነበረም።

«ማን ቀበረው?»

«እኔ ነኝ። ፊቱን እንደኛ ወደ ምሥራቅ ላዙርለት ብዬ ነበር፤ የናንተ ቂብላ ግን በዚያ አገር ወዴት እንደሆነ አላወቅሁም። ወደ ሰሜን ይሁን ያለኝ ሰው ነበር፤ ወደ ሰሜን አዞርኩት። ተሳስቼ ከሆነ...»

«አልተሳሳትክም፣ ልጄ። አላህ ይቀበልህ።»

«መጀመሪያ መኪናው ላይ ሳለን ሁላችንም እያለቀስን፣ እሱ ግን በዱላ ይለማመድ ነበር፤ ሲገፋ ይወጣል፣ ሲሳብ ይወርዳል እያለ። አየር ኃይሎች ሲያዩን ይወስዱናል፣ ዝግጁ ሁኑ ይለን ነበር። እስከ መጨረሻው...»

ልጄ ሲስቅብኝ ጓዳ ቆሜ አፌን ውኃ የሞላው ይህ ነው። ወንድሜ ምሽግ ውስጥ ሆኖ እየተለማመደ የጠበቀው ነገር ሳይቀር የተገለበጠ ነበር። ውሸቱን እንኳ በትክክል አልዋሹትም።

እናቴ ተነሣች፤ የገብረመንፈስቅዱስን ክንድ ይዛ አስነሣችው።

«አሁን ሂድ።»

«ትንሽ ልቀመጥ፣ እትዬ።»

«አይሆንም። ሂድ። እናትህ በሯን አልዘጋችም፤ አውቃለሁ። አንድ ማታ እንኳ አትጨምርባት።»

ደጃፍ ድረስ ሸኘችው። ወደ ቄሱ ቤት የሚወስደው መንገድ በጉም ሲሸፈን፣ ዱላው ድንጋይ ሲነካ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማን። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ አንዲት ሴት ጮኸች፤ የልቅሶ ሳይሆን የሌላ ዓይነት ጩኸት ነው። እናቴ እስኪያልቅ አዳመጠችው።

ከዚያ ገባችና በሩን ገፋችው። መወርወሪያውን ያዘች፤ አልንቀሳቀስ አላት። ሦስት ክረምት ዝጎበታል።

«ተበላሽቷል እኮ፣ እማዬ» አልኳት።

«አልተበላሸም» አለች። «ድንጋይ አምጪልኝ።»

የበርበሬ መውቀጫውን ድንጋይ ሰጠኋት። አንዴ መታችው። ደግማ መታችው። አባቴ ከግድግዳው ሥር ቀና አለ። በሦስተኛው፣ ዝገቱ እየፈረፈረ እጇ ላይ ሲረግፍ፣ መወርወሪያው ገባ።